ሰጋቱራ ስንወቅጥ

እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። በጅማ ከተማ ከሰቶ ሰመሮ እስከ ጅሬን ኮረብታ ቤት ለቤት ቢፈለግ፣ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ሳይጨርስ አባት የሆነ ከእኔ በቀር አይገኝም። ልጄ ሙና ትባላለች። አብልቻታለሁ፣ አስተኝቻታለሁ፣ መንገድ አሻግሬያታለሁ፣ ከውሻ አስጥያታለሁ።

እርግጥ ውሻውን ያባረረችው እሷ ናት። እኔ በዚያ ሰዓት አጥር ላይ ነበርኩ። መንገድ ስንሻገርም የማን እጅ የማንን እጅ ይዞ እንደነበር አሁን ላይ ማረጋገጥ ይከብዳል። ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ፊቴን እየጠረገች "እዚህ ጋ ምራቅ አለህ" የምትለኝም እሷው ነበረች። ዕድሜዋ ስድስት ቢሆን ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ኅዳር እማዬን ልጠይቅ ጅማ ሄጄ የግቢውን በር ስገፋው የጀንፈል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጀንፈል ከነልባሱ የሚደርቅ ቡና ነው። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ገና ሳይደርቅ፣ የበሰለ ፍሬና የከረመ ጠላ የተደባለቁበት የሚመስል ሽታ አለው። በልጅነቴ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከተማው በሙሉ እንደዚያ ይሸት ነበር፤ ሰው ሲስመኝ እንኳ ጉንጩ ጀንፈል ይሸተኝ ነበር።

እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ጉንዳን ሲያልፍ ይሰማል።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"የቱ እኔ?"

በሌላ ቤት ቢሆን ይህ ጥያቄ ያስቀይማል። በእኛ ቤት ተገቢ ጥያቄ ነው። ስሜን ነገርኳት፣ ሳመችኝ፣ ግንባሬን ዳበሰች፣ ፀጉሬ የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ነገሩን ለማስቀየር ጀንፈሉ የማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"የማን ይሆናል፣ የልጅህ ነዋ። በየዓመቱ ከሰርቦ ታመጣልኛለች። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ብቅ ትላለች።"

ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ስንት ልጆች ነበራችሁ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እንደ ቀኑ ነው። እማዬ አስቴር ትባላለችና ጎረቤቱ "የአስቴር ክፍለ ጦር" ይለን ነበር። አባዬና እሷ ከከምባታ በኩል ሥራ ፍለጋ ጅማ የገቡ ጴንጤዎች ናቸው። እሱ አናጢ ነበር። የራሳቸው ልጅ አልተወለደላቸውም። እማዬ ግን "እግዚአብሔር መቼ ከለከለን፣ በሌላ ሰው በር አዞረው እንጂ" ትላለች። አንዱ እናቱ ከሞተችበት ሐኪም ቤት መጣ፤ አንዷ አባቷ ዘምቶ ሲቀር ጎረቤት እጇን ይዞ አመጣት። እኔ ስመጣ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውስም። ትልቋ እህታችን ሣራ ግን ከጎመን ጋር አህያ ላይ ተጭኜ እንደመጣሁ፣ እማዬም ጎመኑን ፈልጋ እኔን ጭምር እንደወሰደችኝ እስከ ዛሬ ትምላለች።

የምንተኛው በአንድ ትልቅ የገለባ ፍራሽ ላይ ነው፣ እንደ ሙዝ ተደርድረን። ቦታ ስለሌለ ብቻውን የሚገላበጥ የለም። ጎን ሲደክም ሣራ "ዙሩ" ትላለች፤ ክፍለ ጦሩ በሙሉ ወደ ግራ ይዞራል። የጎደሬ መቀቀያችን ውስጥ ሰው ቢወድቅ፣ ዋና ካልቻለ አይተርፍም።

በዚህ ሁሉ ሰው መሀል ወላጆቻችን አዲስ የመጣን ልጅ ራሳቸው ሊያሳድጉ ጊዜ ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ ከእሱ በፊት ከመጡት ለአንዱ ያስረክቡታል። ሣራ ዮሐንስን አሳደገች። ዮሐንስ እኔን አሳደገኝ፤ በኩርኩም ማሳደግ ካለ። እኔ የቤቱ መጨረሻ ሆኜ ብዙ ቆየሁ፤ የሚኮረኮም ልጅ በናፍቆት ስጠብቅ።

ሙና ክረምቱ ሲወጣ መጣች። እናት አልነበራትም፤ አባቷም ሚሊሺያ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። የሚያሳድጓት አያቷ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰርቦ ነው የሚኖሩት። ታመው ጅማ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ፣ ጠያቂ ለሌለው በሽተኛ ምግብ ይዛ የምትሄደው እማዬ አገኘቻቸው። ሴትየዋ የልጅቷን እጅ በእማዬ እጅ ላይ አድርገው "ሃይማኖቷን ብቻ አትንኪብኝ" አሏት። እማዬም ቃሏን ሰጠች። ቃሏን እንዴት እንደጠበቀች ልንገራችሁ፤ ዶሮ የሚታረድ ከሆነ ሙና እንድትበላ ብላ ዶሮዋን ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ትልክ ነበር። አባዬ "ዶሮዋ ቅር ካላላት እኛን ምን ቸገረን" ይላል። ዶሮ የምናርደውም በዓመት አንዴ ስለሆነ ጎረቤታችን ብዙ አልደከሙም።

አባዬ የሙናን እጅ እጄ ውስጥ አድርጎ "እንካ፣ ልጅህ ናት" አለኝ። እጇ ላብ ነበረው። አደራ መሆኗን፣ አያቷ ሲሻላቸው እንደምትመለስ የነገረኝ የለም። ነግረውኝም ከሆነ አልሰማሁም። እኔ በዚያ በር ሲገባ እንጂ ሲወጣ ያየሁት ልጅ አልነበረም።

በዚያን ዓመት የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር። በሩ ላይ ሰንሰለትና ቀይ ሰም አለ። ሲያሽጉት እግዚአብሔር ቀድሞ ወጥቶ እንደሆነ ያጣራ ሰው ባለመኖሩ በጣም እጨነቅ ነበር። በዚያ በኩል ሳልፍ ምናልባት ውስጥ ካለ ብዬ በሩን በጣቴ ቆርቆር አደርግለታለሁ።

መዝሙሩ ግን አልቀረም። አመሻሽ ላይ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይዘመራል። ውጭ እንዳይሰማ ደግሞ ደጅ ላይ ሙቀጫ ይወቀጣል። ሐሳቡ የእማዬ ነው። ሙቀጫ በየግቢው ይወቀጣል፤ ማን ልብ ይለዋል? ችግሩ በየምሽቱ የሚወቀጥ እህል አልነበረንም፤ ባዶውን ከተወቀጠ ደግሞ ሙቀጫው ይሰነጠቃል። ስለዚህ አባዬ ከሥራው ሰጋቱራ በጆንያ ማምጣት ጀመረ። ያንን ወቀጥን።

ወቃጮቹ እኔና ሙና ነበርን። እማዬ ቃል ገብታለችና ሙና ጸሎታችን ውስጥ አትቀመጥም፤ እኔም አባቷ ስለሆንኩ አብሬ ወጣሁ። ከረጅሙ ጸሎት ስለገላገለችኝ በልቤ አመሰገንኳት። አንድ ሙቀጫ፣ ሁለት ዘነዘና። የእኔ ረጅም ነው፤ የእሷን አባዬ ከተሰበረ ወንበር እግር አሳጥሮ ጠርቦላታል። እኔ ሳነሣ እሷ ታወርዳለች። ዱም የእኔ፣ ዶ የእሷ። ዱም፣ ዶ። እኔ ክንዴን ለማሳየት ስል እንዲህ ነበር የምወቅጠው፤ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ልስን ሳይረግፍ አይቀርም።

"ቀስ በል" ትለኛለች። "መዝሙሩ አልቋል፤ አንተ ብቻ ቀርተሃል።"

ጆሮዋ ውስጥ ያሉት ጋ ነው። ውሎ አድሮ ዜማውን ሁሉ ያዘችው፤ ውኃ ስትቀዳ ታንጎራጉረው ጀመር። እማዬ ቃሏን ያፈረሰች መስሏት ደነገጠች።

"ሙናዬ፣ ምንድን ነው የምትዪው?"

"ሙቀጫው የሚለውን ነው" አለች ሙና።

በጅማ ድሮ የከበረ ሰው በስሙ አይጠራም፤ አባ እንትና ይባላል። ሙናም "አባ ሞዬ" ብላ ሰየመችኝ። ሞዬ በኦሮምኛ ሙቀጫ ነው። የሙቀጫው ጌታ እንደማለት። የተሾምኩ ያህል ደረቴን ነፋሁ፤ ከዚያ በኋላ በስሜ ለሚጠራኝ ሰው ቶሎ አቤት አልልም ነበር።

ሌላም ደንብ ነበረን። ከዚያ ቤት ሰው ወደ ፈተናም ይሂድ ወደ ሐኪም፣ ሳይጸለይለት አይወጣም፤ ሲጸለይም የሁሉም እጅ ራሱ ላይ መሆን አለበት። ዮሐንስ ለቡና ለቀማ አጋሮ ሲሄድ እኔ ላምባ እንድገዛ ተልኬ ብይ ስጫወት ቆየሁ። መኪናው ጥሩምባ ይነፋል፣ ዮሐንስ ይቁነጠነጣል፣ አባዬ ደግሞ "አንድ እጅ ጎሎ አይጸለይም" ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። እያለከለክሁ ስደርስ ዮሐንስ በጥፊ ሊያጮለኝ ፈልጎ ነበር፤ ጭንቅላቱ ላይ ያ ሁሉ እጅ ተጭኖበት መነሣት አልቻለም። ከዚያ ቀን የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የእኔ እጅ ከሌለ መንገድ የለም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የመጣው ለቀማው በደራበት ሰሞን ነው፣ ከሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋር። ውስጥ መዝሙሩ ጸጥ አለ። እኔና ሙና ግን አቁሙ ያለን ስላልነበረ መውቀጣችንን ቀጠልን።

"በዚህ ቤት ጀንፈል በድብቅ እየተፈለፈለ ይሸጣል የሚል ጥቆማ ደርሶናል" አለ ሊቀመንበሩ።

ያኔ ቡና በግል መሸጥ ያሳስራል። ለካ ሰው ጆሮ የገባው መዝሙሩ ሳይሆን መሸፈኛው ነው። ከአንዱ ወንጀል ለመዳን ብለን ሌላውን በየምሽቱ በሙቀጫ እያወጅን ነበር። አንደኛው ጥበቃ እጁን ሙቀጫው ውስጥ ከቶ ዘግኖ አወጣ፣ አሸተተው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሰጋቱራ ነው ጓድ" አለ አባዬ።

"ሰጋቱራ?"

"የዋንዛ" አለ አባዬ፣ ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ብሎ።

"የዋንዛ ሰጋቱራ ለምን ይወቀጣል?" አለ ሊቀመንበሩ።

አባዬ መዋሸት አይችልም። ከንፈሩ ሲከፈት እውነቱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ታየኝ። ቀደምኩት።

"እንዲልም ነው።"

"ልሞስ?"

"ለዶሮዎቻችን ይነጠፋል። ሻካራው እግራቸውን ይልጣቸዋል።"

ያለችን አንዲት ዶሮ ናት። በዚያች ቅጽበት በመሀላችን አለፈች፤ እግሯ የጃንጥላ ሽቦ ይመስላል፣ በእሾህ ላይ ብትሄድ እሾሁ ነው የሚጎዳው። ሊቀመንበሩ እስኪያስለው ሳቀ። ጥበቃዎቹም ሳቁ። ቤተሰቤን ያዳንኩ መስሎኝ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። እማዬ አልሳቀችም።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጠርጎ ሲጨርስ ከበሩ ሥር አንድ በአንድ ብቅ ያሉትን ልጆች አየ።

"እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው?"

"ልጆቼ ናቸው" አለች እማዬ።

"አንተ የማን ነህ?" አለው አንዱን። "የእማዬ።" ሌላዋን ጠየቀ። "የእማዬ።" ሁሉም እንደዚያ አሉ። ሙና ጋ ደረሰ። ዘነዘናዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

"እኔ የአኮ ነኝ" አለች፣ አያቷን ማለቷ ነው። "ሰርቦ ናት። አሟት ነው እንጂ ቤት አለን።"

እኔ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ሌላ ቤት እንዳላት ከሊቀመንበሩ ጋር እኩል ሰማሁ።

"ወይዘሮ አስቴር" አለ ሰውየው፣ ሳቁ ጠፍቶ። "ዘመድ ያላት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"አደራ ናት ጓድ። አያቷ እስኪሻላቸው ነው።"

"ነገ ጴንጤዎች የእስላም ልጅ ሰብስበው ይሰብካሉ ቢባል እኔ ነኝ የምጠየቀው። ዘመድ ያላት ወደ ዘመዷ ትሂድ። አለበለዚያ ነገሩ ወደ በላይ ይሄዳል፤ የቀሩትም በየመንግሥት ማሳደጊያው ይበተናሉ። ይህን የምለው ክፋት ኖሮኝ አይደለም።"

ክፋትም አልነበረውም። ሲወጣ ራሴን ዳብሶ "በደንብ አልመው" አለኝ።

እማዬ በማግስቱ ሰርቦ ለሚሄድ ነጋዴ መልእክት ሰጠች። ልጄን ለምን ትሰጫታለሽ ብዬ ጮህኩባት።

"የእኔም ልጅ ናት" አለችኝ። "አኮ ግን ቀድመውናል።"

አኮ ገና አልዳኑም ነበር። ጀንፈል ጭኖ ከተማ በገባ መኪና ላይ ተሳፍረው፣ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። መኪናው አራግፎ ወዲያው ስለሚመለስ ቁጭ እንኳ አላሉም። የእማዬን እጅ ይዘው "ገለቶሚ አስቴር፣ ገለቶሚ" ይላሉ፣ ምስጋናውን እየደጋገሙ። ሙና ቀሚሳቸው ውስጥ ገብታ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኛን ታያለች።

"እናቴ፣ እኛ መንገደኛ ሳንጸልይለት አንሸኝም፤ ይፈቅዱልናል?" አላቸው አባዬ።

"ዱዓ አይደል? ዱዓ ማን ይጠላል" አሉ።

እኔ በዚህ ጊዜ ወደ ጓሮ ሹልክ አልኩ። ሽንት ቤታችን በቆርቆሮ የተከለለ፣ ከውስጥ በሽቦ የሚታሰር ነው። ገብቼ አሰርኩት። ዝንቦቹ እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ። ነገሩን በደንብ አስቤበታለሁ፤ እጄ ከጎደለ ጸሎት የለም፣ ጸሎት ከሌለ መንገድ የለም፣ ሙና ትቀራለች።

ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። ሣራ በአቮካዶው ዛፍና በእንጨት ክምሩ መሀል እየፈለገች "ላግኘው ብቻ" ትላለች። እማዬ "ትንሽ እንጠብቀው" አለች። የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። እኔ በሽታው መሀል ፈገግ ብያለሁ፤ እያሸነፍኩ ነው።

ከዚያ የፕላስቲክ ጫማ ቻፕ ቻፕ ሲል ሰማሁ። በቆርቆሮው ሥር ባለው ክፍተት የሙና ጣቶች ታዩኝ።

"አባ ሞዬ" አለች፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ።

ትንፋሼን ያዝኩ።

"ሽንትህ ነው?"

የሽቦውን ቋጠሮ አጠበቅሁት።

ጣቶቿ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። "አልጨረስክም?"

አልመለስኩላትም። አንድ ቃል ከወጣኝ ያገኙኛል፣ ካገኙኝ ትሄዳለች። ለእሷው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንድ ነገር በሩን ኳ አደረገው፤ ጫማዋ ቻፕ ቻፕ እያለ ራቀ።

"አየሽው?" አለቻት ሣራ።

"አላየሁትም" አለች ሙና።

ጥሩምባው ደገመ። ቀጥሎ የሰማሁትን ማመን አልቻልኩም፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ አሜን አለ። ቢሆንም ብዙ አልደነገጥኩም። ጎዶሎ አሜን ነው፣ መኪና አያስነሣም። ሞተሩ ተነሣ። ጎማው ይፈነዳል ብዬ ጠበቅሁ። ድምፁ ወደ ሰርቦ መንገድ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

ሽቦውን ፈትቼ በሩን ስከፍት አጭሯ ዘነዘና እግሬ ላይ ወደቀች። በሩ ላይ አስደግፋልኝ ነው የሄደችው።

አባዬ ውኃ ቧንቧው ጋ ቆሞ አገኘኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር።

"ሁለቱንም እጄን ነው የጫንኩባት" አለኝ። "አንዱ ያንተ ነው።"

"ማን ፈቀደልህ?" ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ እሱ ላይ የጮህኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባዬ መዳፉን ገልብጦ አየው፣ መልስ እንደሚፈልግበት ሁሉ።

ወቀጣው ቀጠለ፤ ዮሐንስ እስኪመለስ ብቻዬን ወቀጥኩ። ዱም ይልና ባዶ ቦታ አለ፤ ዱም ይልና ባዶ ቦታ አለ። በዚያ ባዶ ቦታ መዝሙሩ ወደ ውጭ ይሰማል። እማዬ ወጥታ "ቶሎ ቶሎ በል ልጄ" ትለኛለች። እኔ ግን ቦታውን መሙላት አልፈለግሁም። ጸሎቱ ስላልሞላ ትመለሳለች ብዬ አጭሯን ዘነዘና ከሙቀጫው ጎን እያቆምኩ ጠበቅሁ። ጀንፈሉ ተሰብስቦ ሽታው ከከተማው ሲወጣ እማዬ አንሥታ ቆጥ ላይ ሰቀለቻት።

ካደግን በኋላ ሙና እማዬን መጠየቅ እንደጀመረች ሰምቼ ነበር። እሷ ስትመጣ እኔ የለሁም፣ እኔ ስመጣ እሷ የለችም። ይህ እንዲሆን እኔም ትንሽ ደክሜበታለሁ።

ባለፈው ኅዳር ግን ከሰዓት በኋላ ፒካፕ መኪና በር ላይ ቆመ። ሻሽ ያሰረች፣ ሙሉ ሰውነት ያላት ሴት፣ ወጣት ልጆቿን አስከትላ ገባች። ራሴን አይታ "አባ ሞዬ፣ ፀጉሩንም ወቀጥከው?" አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጀመርኩ። የሰጋቱራውን ታሪክ ስነግራቸው ልጆቿ በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ ዶሮዋን አንዲት ከነበረችበት መንጋ አድርጌያታለሁ። ሙናም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ስለ ቆርቆሮው በር እሷም አላነሣች፣ እኔም አላነሣሁም። የምላት ነገር ግን ነበረኝ። ለዓመታት ያዘጋጀሁት፣ አጭር ነገር።

ሊመሽ ሲል ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እማዬ በዳበሳ ተነሥታ "ኑ፣ እጃችሁን አምጡ፣ መንገደኛ ሊሄድ ነው" አለች።

ሽንት ቤቱ አሁን ቤት ውስጥ ነው፤ ነጭ ሸክላ አለው፣ በሩም በደህና ቁልፍ ይቆለፋል። ገብቼ ቆለፍኩት። ከውጭ የሙና ጣት ሁለቴ ቆርቆር አደረገው።

"አባ ሞዬ" አለች በቀስታ። "አልጨረስክም?"

አልመለስኩላትም። ሃምሳን የተሻገርኩ፣ ልጅ የዳርኩ ሰው ነኝ። ሽንቴ አልመጣም ነበር።